ፓርላማው ለደፈራና ለጥላቻ ጥቃት ምን አይነት ህግ ያውጣ? ቅጣት ማክበድ ብቻውን ይበቃል ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ዘግናኝ የደፈራ ዜና በወጣ ቁጥር አገር ምድሩ ይጮሃል፣ ፕሮፋይል ይጠቁራል፣ "ይሰቀል" ይባላል፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ከዛ ሌላ ዜና ይመጣና ይረሳል፣ ህጉ ግን እዛው ነው። የምንዳኝበት የወንጀል ህግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ያለው ነው። በሱ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል፣ ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ወይ ወንጀሉ በቡድን ከተፈፀመ እስከ 20 ይሄዳል፣ ከባድ የአካል ወይ የአእምሮ ጉዳት ወይ ሞት ካመጣ ደሞ እድሜ ልክ ነው። ከ13 ዓመት በታች ህጻን ላይ ሲሆን በ627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ሰው በብሄሩ ወይ በሃይማኖቱ ተለይቶ ሲጠቃ ያለን ህግ ግን የተበታተነ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው የጥላቻ ንግግር አዋጁን 1185/2012ን ብቻ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ፓርላማው ነገ ተሰብስቦ እነዚህን ህጎች ላሻሽል ቢል ምን ይቀይር? የኔ አቋም፣ ዋናው ችግር የዓመቱ ቁጥር ማነስ አይደለም፣ ህጉ ጭራሽ ቦታ ያልሰጣቸው ተጎጂዎች አሉ፣ ከነሱ ይጀመር። የምትቃወሙኝ በነጻነት ፃፉ። የተጎጂ ስምና ፎቶ ግን እዚህ አይለጠፍም።

የሴት ልጆች አባት፦ በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ቁጥሩም ችግር ነው። 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሶስተኛውን ጨርሶ ፀባዩ ተሻሽሏል ከተባለ በአመክሮ ይወጣል፣ አስሉት፣ 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። እድሜ ልክ የተባለውም 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ይሄው እድል አለው። በሰላሳ ዓመቱ የገባ በአርባ ስድስት ዓመቱ ወጥቶ እዛው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ልጅቷ እኮ ያኔ ገና ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፣ መንገድ ላይ ልታገኘው ነው! እኔ የምለው ህጻን ለደፈረ አመክሮ የሌለው እድሜ ልክ፣ ደፍሮ ለገደለ ሞት። ማዳጋስካር በ2024 እ.ኤ.አ. ህጻን የደፈረ እንዲኮላሽ ህግ አውጥታለች፣ ድሃ አገር ናት ግን ፓርላማዋ አላመነታም።

ጠበቃ፦ ወንድም ንዴትህን አከብራለሁ፣ ሰው ሆኖ የማይናደድ የለም። አንድ ሁለት ነገር ግን ልበል። ደፍሮ ለገደለ ሞት አሁንም በህጉ አለ፣ በከባድ ሁኔታ የተፈፀመ ግድያ በ539 እድሜ ልክ ወይ ሞት ነው። ሆኖም እኛ አገር የሞት ፍርድ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈፀመው በ1999 ዓ.ም ነው፣ ከዛ ወዲህ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ከግድያ ውጪ ላለው ደፈራ ሞት ይጨመር ካልክ ግን እኔን በጣም ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ደፋሪው ልጅቷን በህይወት ቢተዋትም ሞት፣ ቢገድላትም ሞት ከሆነ፣ በህይወት የሚተዋት ለምንድነው? ብቸኛ ምስክሯ እሷ ናት። ሌላው፣ የህጻናት ጉዳይ ላይ በተደጋጋሚ የማየው ተከሳሹ የማይታወቅ ሰው አይደለም፣ አጎት ነው፣ የእንጀራ አባት ነው፣ ጎረቤት ነው። ሰውየው ሊሞት ነው ከተባለ እናትየዋ ላይ የሚመጣውን የቤተሰብ ጫና አስበው፣ ከአሁኑ ባሰ ሽማግሌ ተልኮ ይዘጋል።

የሴት ልጆች አባት፦ እሺ የሞቱን ተወው፣ አመክሮውስ? አመክሮ ለምን አይነሳም?

ጠበቃ፦ እሱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ቢያንስ የህጻናት ጉዳይ ላይ አመክሮ ሲታይ ተጎጂዋና ቤተሰቧ እንዲሰሙ፣ ወጥቶም ከነሱ አካባቢ እንዳይኖር በህግ ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል። ይሄ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ነርሷ፦ እኔ ከህግ ባለሙያዎቹ ጋር አልከራከርም ግን የምታወሩት ሁሉ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ስላለው ነው። ሳይደርስ የሚቀረውስ? በ2008ቱ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይ ፆታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ 66 በመቶዎቹ ለማንም አልተናገሩም እርዳታም አልጠየቁም። ከመቶ ስልሳ ስድስቷ! ለነዚህ 15 ሆነ 25 ምን ይቀይራል? የሚመጡትም ታጥበው ነው የሚመጡት፣ ልብስ ታጥቦ፣ ሰውነት ታጥቦ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ስሜት ያንን ነገር ከላይ ማስወገድ ነው፣ ማንም አልነገራቸውም። ኤች አይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ የእርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ነው። በሰራሁባቸው ቦታዎች ግን አንዷ ስትመጣ "መጀመሪያ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ" ተብላ ስትመለስ በአይኔ አይቻለሁ፣ ጣቢያ ስትሄድ ደሞ "መጀመሪያ የሃኪም ማስረጃ" ትባላለች፣ በዚህ መሃል 72 ሰዓቱ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ህክምናው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ህጉና ምክሩ አንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ፣ ያ አሰራር ጥሩ ነው፣ ለወረዳ ሴት ግን ምኗ ነው? ፓርላማው ህግ ያውጣ ከተባለ፣ ተጎጂን ያለ ህክምና የመለሰ ተቋም ይጠየቅ የሚል ህግ ያውጣልኝ።

የህግ ተማሪ፦ ነርሷ ያልሽው ነገር በትክክል ህንድ ውስጥ የተደረገ ነው። ዲሴምበር 2012 እ.ኤ.አ. ዴልሂ አውቶብስ ውስጥ በቡድን የተፈፀመው ደፈራና ግድያ አገሩን ሲያናውጥ መንግስት በቀድሞ ዋና ዳኛ ቬርማ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኮሚቴው ወደ 80,000 የሚጠጋ አስተያየት ተቀብሎ በ29 ቀን ሪፖርቱን አስረከበ። ለደፈራ ሞት አትጨምሩ ነበር ያለው፣ ባል ሚስቱን ቢያስገድድም ወንጀል ይሁን ብሎ ነበር። ፓርላማው በ2013 ሁለቱንም አልተቀበለም፣ ተጎጂዋ ለሞተችበትና ለተደጋጋሚ ወንጀለኛ ሞት ጨመረ፣ የባልን ጉዳይ ዘለለው። ግን ብዙም ያልተወራላቸውን ነገሮች ተቀበለ፣ የደፈራ አቤቱታ አልመዘግብም ያለ ፖሊስ ይታሰራል፣ ሆስፒታል የመንግስትም ይሁን የግል ተጎጂን በነጻ የማከም ግዴታ አለበት፣ እምቢ ካለ ይቀጣል። ከወንጀለኞቹ አራቱ በማርች 2020 ተሰቀሉ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ያወራው ስለሱ ነው። እኔ ብጠየቅ ከዛ ሁሉ ማሻሻያ የምወስደው ፖሊሱና ሆስፒታሉ ላይ የተጣለውን ግዴታ ነው።

ወግ አክባሪ፦ ሁላችሁም የምትሉት ልክ ነው እስከዚህ ድረስ፣ ግን አወያዩ "ህጉ ቦታ ያልሰጣቸው" ሲል ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገብቶኛል፣ የባልና ሚስትን ጉዳይ ማምጣቱ ነው። እኔ ደፈራን አልደግፍም፣ ደፋሪ ይረገም። ግን ትዳር ውስጥ ፖሊስና ዐቃቤ ህግ ካስገባችሁ ትዳር የሚባል ነገር አይኖርም። ቤቱ ውስጥ የሆነውን ማን አየ? በንብረት የተጣሉ ሁሉ በዚህ ይካሰሳሉ። ሽማግሌ አለ፣ የንስሃ አባት አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ካልሆነም ፍቺ አለ። ህግ አውጪ የህዝቡን ባህልና እምነት ማየት አለበት።

አወያይ፦ አዎ ወደዛ ነው የምሄደው፣ አልደብቅም። አንቀጽ 620 ገና ሲጀምር "ከጋብቻ ውጪ" ይላል፣ ስለዚህ አንዲት ሴት በባሏ ብትደበደብ የአካል ጉዳት ብላ ልትከስ ትችላለች፣ በሌሊት አስገድዶ ቢገናኛት ግን ለህጉ ምንም አልተፈጠረም ማለት ነው። ባህል ያልከውን በተመለከተ፣ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ህግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር። ያኔም "ባህል ነው፣ ሽማግሌ ይጨርሰዋል" ይባል ነበር። የአስራ ምናምን ዓመት ልጆች ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ተወስደው፣ ተደፍረው፣ ከዛ ለደፋሪያቸው ይዳሩ ነበር፣ አባቶች ከብት ተቀብለው ዝም ይሉ ነበር። በ1996 ወጥቶ ከ1997 ጀምሮ በሚሰራው በአሁኑ ህግ አንቀጽ 587 ጋብቻ ተፈፀመ አልተፈፀመ ጠላፊው ይጠየቃል አለ። ጠለፋ አልጠፋም፣ አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ አንድ አባት ልጄ ተጠለፈች ብሎ ሲሄድ ህጉ ከሱ ጋር ነው። ባህሉ እስኪቀየር ቢጠበቅ ኖሮ ያ ህግ ዛሬም አይወጣም ነበር።

ወግ አክባሪ፦ ጠለፋና ትዳር አንድ አይደለም። ጠለፋ ላይ ፈቃድ የለም፣ ትዳር ላይ ሁለቱም ፈቅደው ነው የገቡት።

ነርሷ፦ ወንድሜ ፈቅዳ ትዳር ገባች ማለት ሁሌም ፈቀደች ማለት ነው እንዴ? ወልዳ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላት፣ ስፌቷ ያልዳነ ሴት ተገዳ ስፌቷ ተከፍቶ ስትመጣ ምን ብዬ ልፃፍላት? ካርዱ ላይ የሚፃፈው "ወድቃ" ነው፣ እሷም እንደዛ ነው የምትለው። እኔ ደክሞኛል እንደዛ መፃፍ።

ወግ አክባሪ፦ እንደዛ ያደረገ ሰው በአካል ጉዳት ይከሰስ፣ እኔም እመሰክርበታለሁ። የማልፈልገው የትዳርን ጓዳ ሁሉ የሚከፍት አንቀጽ ነው። አሁንም አቋሜ ይሄ ነው።

ከመቀሌ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ርዕሱ ላይ "የጥላቻ ጥቃት" የሚል አለ፣ ማንም አልነካውም። በጦርነቱ ጊዜ እኛ ጋ ሴቶች የተደፈሩት ሴት ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ ትግራዋይ ስለሆኑ ነው፣ እየተደፈሩ ስለ ዘራቸው ሲሰደቡ ነበር፣ "ከእንግዲህ እንዳትወልጂ" የተባሉ አሉ። ይሄን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግስታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጋራ ሪፖርትም ሌሎች ምርመራዎችም ፅፈውታል። እናንተ ስለ 620 ታወራላችሁ፣ የነዚህ ሴቶች ጉዳይ ለብቻዋ መንገድ ላይ በአንድ ወንበዴ እንደተደፈረች ሴት ጉዳይ ነው የሚታየው? ያ ጥላቻ የት ነው የሚፃፈው?

ከወሎ፦ እህቴ የምትዪውን አንድም ቃል አልክድም፣ እግዚአብሔር ፍትህ ይስጣችሁ። እኛም ጋ በተመሳሳይ ሆኗል፣ አማራ ክልልና አፋር ላይም በብሄራቸው እየተሰደቡ የተደፈሩ ሴቶች አሉ፣ ያው ሪፖርት ስለ ትግራይ ቢሆንም ሁሉም ወገን መፈፀሙን ነው የፃፈው። የኛ ስቃይ ከእናንተ ይበልጣል ለማለት አይደለም። እኔ የምፈራው ህግ ሲወጣ ለአንዱ ወገን ብቻ የሚሰራ እንዳይሆን ነው።

ከመቀሌ፦ እኔም ለአንድ ወገን አላልኩም። ያደረገ ሁሉ ይጠየቅ ነው ያልኩት።

ጠበቃ፦ ህጉ ላይ ያለውን ልንገራችሁ። በጦርነት ጊዜ ሲቪል ላይ የተፈፀመ ደፈራ በአንቀጽ 270 እንደ ጦር ወንጀል ይታያል፣ ከ5 እስከ 25 ዓመት፣ ሲከብድ እድሜ ልክ ወይ ሞት። ስለዚህ ለጦርነቱ አንቀጽ አለ። ክፍተቱ ከጦርነት ውጪ ነው። የተደራጀ ቡድን አንድ ቀበሌ ገብቶ ቤት እየመረጠ የአንድ ብሄር ወይ የአንድ እምነት ሰዎችን ቢገድልና ሴቶቹን ቢደፍር፣ የጦር ወንጀል ለማለት ጦርነት የለም፣ ዘር ማጥፋት ለማለት በ269 ቡድኑን በሙሉ ወይ በከፊል የማጥፋት ሃሳብ ማስረዳት አለብህ፣ እሱ ደሞ በጣም ከባድ ነው። መሃል ላይ መኖር የነበረበት "በሰብዕና ላይ የሚፈፀም ወንጀል" ነው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 28 ላይ ይጠቅሰዋል፣ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜ አልፎበታል ተብሎ፣ አይታገድም፣ በምህረት አይታለፍም ይላል፣ የወንጀል ህጉ ግን ዘርዝሮ ትርጉምና ቅጣት አልሰጠውም። ቅጣት ያልተቀመጠለትን ወንጀል ዐቃቤ ህግ እንዴት ይክሰስ? በሚያዝያ 2016 የፀደቀው የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ ልዩ ፍርድ ቤትና ልዩ ዐቃቤ ህግ ይቋቋም ይላል፣ እነሱም ቢሆኑ የሚከሱበት አንቀጽ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ለፓርላማው አንድ ነገር ብቻ አድርግ ብባል ይሄን ነው የምጠይቀው።

ያ ጥላቻ የት ነው የሚፃፈው ላልሽው፣ አንቀጽ 84 ላይ ወንጀሉ በጥላቻ ተነሳስቶ ከተፈፀመ ቅጣት ያከብዳል ተብሏል፣ ግን እዛ ያለው ጥላቻ ከምቀኝነትና ከስግብግብነት ጋር ተደርድሮ ነው፣ ጎረቤቱን በግል የጠላም ሰውን በብሄሩ የጠላም እኩል ይገባበታል። ለብቻው መፃፍ አለበት።

ጋዜጠኛ፦ እዚህ ጋ ቆም እንበል እባካችሁ። "ጥላቻ" የሚል ህግ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚታሰረው ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። 1185/2012 ሲወጣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ትርጉሙ ሰፊ ነው፣ ሃሳብን ለማፈን ይውላል ብለው ተቃውመው ነበር። ንግግር ላይ እስከ 2 ዓመት ወይ እስከ 100,000 ብር፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈፀመ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ተመልከቱ፣ አዋጁ የሚቀጣው ተናጋሪውን ነው። ዱላ ይዞ የወጣውን፣ ቤት ያቃጠለውን፣ የደፈረውን በተመለከተ ግን የጨመረው የለም። ፓርላማው ማይክ የያዘ ላይ ሲበረታ ነው ያየሁት።

የህግ ተማሪ፦ ለዛ ነው ሁለቱ መለየት ያለባቸው። አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው በነጭ ዘረኞች መኪና ላይ ታስሮ ተጎትቶ ከተገደለ በኋላ ረጅም ክርክር ተደርጎ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌደራል ህግ የሚቀጣው አካል ላይ የደረሰን ጥቃት ነው፣ ሰውየው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው፣ በአካል ጉዳቱ ተመርጦ መመታቱ ሲረጋገጥ። ንግግር ብቻውን በዛ ህግ አያስቀጣም። እኛም እንደዛ ብናደርገው የጋዜጠኛው ስጋት ብዙው ይመለሳል ብዬ አስባለሁ፣ ማለትም መጀመሪያ ወንጀሉ ይኑር፣ ግድያ፣ ድብደባ፣ ደፈራ፣ ቃጠሎ፣ ከዛ ተመርጦ መሆኑ ሲረጋገጥ ቅጣቱ ይክበድ።

ጋዜጠኛ፦ በወረቀት ይስማማኛል። ማን ነው የሚያረጋግጠው የሚለው ግን ይቀራል። ዳኛው ከተፅእኖ ነጻ ካልሆነ የፈለግከውን ያህል አሳምረህ ፃፈው።

የሴት ልጆች አባት፦ ወንድ ልጆችስ? የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰ ነገር ስላለ ነው የምጠይቀው፣ ዝርዝሩን አልናገርም።

ጠበቃ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ይቅርታ። ከ18 በታች የሆነ ወንድ ልጅ በወንድ ከተጠቃ አንቀጽ 631 አለ፣ ከ13 በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ነው። አዋቂ ወንድ ግን 620 ውስጥ ጭራሽ የለም፣ አንቀጹ "ሴትን" ነው የሚለው። ሴት ወንድን ብታስገድድ በ621 ከ5 ዓመት አይበልጥም። እስር ቤት ውስጥ፣ በጦርነት ውስጥ የተጠቁ ወንዶች አሉ፣ በሃፍረት ዝም ነው ያሉት። ህጉ የነሱን ጉዳይ እንደ ደፈራ ስለማያየው፣ አወያዩ "ቦታ ያልሰጣቸው" ሲል እነሱንም ይጨምራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ማሻሻያው በችኮላ አይፃፍ። ስፔን በ2022 እ.ኤ.አ. ፈቃድን መሰረት ያደረገ ህግ አወጣች፣ ሃሳቡ ጥሩ ነበር፣ ግን ሁለት የተለያዩ ወንጀሎችን አንድ ላይ ሲያዋህዱ የአንዳንዱ መነሻ ቅጣት ዝቅ አለ፣ ድሮ የተፈረደባቸው ሰዎች የተሻለው ህግ ይሰራልን ብለው ከ1,000 በላይ ቅጣት ተቀነሰ፣ ከ100 በላይ ሰዎች ወጡ፣ በኤፕሪል 2023 እንደገና አሻሻሉት። የኛም ህገ መንግስት አንቀጽ 22 ለተከሳሽ የሚጠቅመው አዲስ ህግ ወደኋላ ይሰራል ይላል፣ ስለዚህ አንድ ቁጥር በስህተት ዝቅ ብትል የታሰሩት ሁሉ ማመልከቻ ይፅፋሉ። ዳኞች፣ ሃኪሞች፣ የሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር፣ ከተጎጂዎች ጋር የሚሰሩ ሁሉ ረቂቁን ሳያዩት ድምፅ እንዳይሰጥበት።

አወያይ፦ በዚህ እስማማለሁ። የትዳሩ ጉዳይ ላይ ከወግ አክባሪ ጋር አልተገናኘንም፣ አልቀየርኩም። አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር የላከችልኝን ጥያቄ በፈቃዷ ልለጥፈው፣ ጠበቃው መልስላት፦ "ከሶስት ዓመት በፊት የተፈፀመ ነው፣ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ ማስረጃ የለኝም፣ አሁን ብናገር ይሰማኛል ወይስ አልፎበታል? ሰው በተሞላበት ችሎት ማውራት ደሞ አልችልም።"

ጠበቃ፦ እህቴ አላለፈበትም፣ በ620 ለሚያስከስስ ወንጀል ሶስት ዓመት ይርጋ አያግደውም። ማስረጃ ማለት የህክምና ወረቀት ብቻ አይደለም፣ የአንቺ ቃል ማስረጃ ነው፣ በዛን ሰሞን የነገርሻት ጓደኛ ካለች፣ የተላላክሽው ቴክስት ካለ፣ ስራ ወይ ትምህርት ያቋረጥሽበት ጊዜ ካለ እሱም ይረዳል፣ ስልክሽ ላይ ያለውን እንዳታጠፊ። ዝግ ችሎት መጠየቅ ትችያለሽ፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 የሰውን የግል ህይወት ለመጠበቅ ይፈቅዳል፣ ገና ስትጀምሪ ለዐቃቤ ህጉ ንገሪው። ጣቢያ ስትሄጂ የሴቶችና ህጻናት ክፍሉን ጠይቂ፣ ብቻሽን አትሂጂ። የሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር በነጻ የህግ ምክር ይሰጣል። ከፈለግሽ ለአወያዩ ንገሪው፣ አብራሽ የምትሄድ ሴት የስራ ባልደረባ አለችኝ።